ብናኝ፣ ደመና እና የክረምት ዝናብ በዎርፍ ሞዴል፦ የሥራ ሂደት ማስታወሻ

ጥቅምት፣ መጀመሪያ ሳምንት

ሥራው ይሄ ነው፦ ዎርፍ የሚባለው የአየር ጠባይ ሞዴል ላይ አየር ውስጥ ያለውን የብናኝ መጠን እየቀያየርኩ የክረምቱ ዝናብ ምን እንደሚሆን ማየት። ቦታው ከጣና እስከ አዲስ አበባ ያለው ደጋ ነው፣ ጊዜው የነሐሴ 2012 (በፈረንጅ ኦገስት 2020) አንድ ሳምንት፣ አዋሽ ሞልቶ አፋር ላይ ብዙ ሰው ያፈናቀለበት ክረምት። እሱን የመረጥኩት ደረቅ ሳምንት ላይ ብናኝ ብትቀያይር ምንም ስለማታይ ነው፣ ደመና ሲኖር ነው ጥያቄው የሚነሳው።

ለምን ገባሁበት? በ2013 ጎጃምና ሰሜን ሸዋ ላይ ደመና የማበልጸግ (ደመናው ላይ ብናኝ ረጭቶ ዝናብ የማብዛት) ሙከራ መጀመሩ ሲነገር ሰው ሁሉ ዘነበ አልዘነበም እያለ ሲከራከር ነበር፣ ዋናው ጥያቄ ግን ባይረጭ ኖሮ ያው ደመና ስንት ያዘንብ ነበር የሚለው ነው፣ ይሄን ደሞ ሰማይ ላይ ሁለቴ መሞከር አይቻልም። ሞዴል ላይ ግን ይቻላል። ያንኑ ቀን፣ ያንኑ ነፋስ፣ ያንኑ እርጥበት ይዘህ ብናኙን ብቻ ትቀይራለህ። ይሄ ነገር እህል በዝናብ ለሚያበቅል አገር ቀላል ጥያቄ አይደለም ብዬ ስለማምን ነው ማታ ማታ የምቀመጥበት።

መነሻውን ለማያውቅ፦ የውሃ ተን ብቻውን ጠብታ ለመሆን ብዙ መቶ ፐርሰንት እርጥበት ያስፈልገዋል፣ እንደዛ አይነት አየር ደሞ የለም። እውነተኛ ደመና ውስጥ እርጥበቱ 100 ፐርሰንትን ትንሽ እንዳለፈ ጠብታ የሚፈጠረው ተኑ የሚያርፍበት ብናኝ ስላለ ነው፣ የባህር ጨው፣ ከጭስ የሚወጣ ነገር፣ ሰልፌት፣ ምናምን። ብናኙ ሲበዛ ጠብታው ይበዛል፣ ውሃው ግን ያው ነው። አንድ ድስት ወጥ እንደማለት ነው፣ እንግዳ ሲበዛ የያንዳንዱ ድርሻ ያንሳል።

በቁጥር ወረቀት ላይ ሰርቼዋለሁ። ደመናው በአንድ ሜትር ኪዩብ ግማሽ ግራም ውሃ ይኑረው። ጠብታው በሴንቲሜትር ኪዩብ 100 ከሆነ የያንዳንዱ ሬዲየስ ወደ 10.6 ማይክሮን ይመጣል፣ 1000 ከሆነ 4.9 ማይክሮን። ባለ 10 ማይክሮኑ በሴኮንድ አንድ ሴንቲሜትር ገደማ ይወርዳል፣ ባለ 5 ማይክሮኑ የዛን ሩብ። ጠብታዎች የሚጋጩትና የሚዋሃዱት አንዱ ካንዱ ፈጥኖ ሲወርድ ነው፣ ሁሉም ትናንሽ ከሆኑ አብረው ይንሳፈፋሉ እንጂ ዝናብ አይሆኑም። አንድ 2 ሚሊሜትር የዝናብ ጠብታ ለመስራት ደሞ ወደ አንድ ሚሊዮን ባለ 20 ማይክሮን (ዳያሜትር) የደመና ጠብታ ያስፈልጋል። ስለዚ ብናኝ ሲበዛ ደመናው ማዝነብ ይዘገያል ማለት ነው፣ በወረቀት ደረጃ። ከዛ በላይ ምን እንደሚፈጠር ነው ሞዴሉ የሚያስፈልገው።

ጥቅምት፣ ሁለተኛ ሳምንት፦ ዕቃና ሶፍትዌር

ማሽኑ ሁለተኛ እጅ ወርክስቴሽን ነው፣ 24 ኮር፣ 64 ጊጋ ራም፣ ኡቡንቱ ተጭኖበታል። ከሁሉም በላይ ብር የበላው ሃርድ ዲስክና ዩፒኤስ ነው። ዩፒኤስ የሌለው ሰው ይሄን ሥራ አይጀምር። ማሽኑን የሚይዝልኝ ለትንሽ ደቂቃ ነው፣ ግን ሥራውን በስርዓቱ ለማቆም ይበቃል።

ዎርፍ 4.5ን ጂፎርትራን በሚባል ኮምፓይለር (ኮዱን ማሽኑ ወደሚያስኬደው ፕሮግራም በሚቀይር) ኮምፓይል አደረኩት። ዎርፍ የሚፈልጋቸው አጋዥ ሶፍትዌሮች፣ ኔትሲዲኤፍ፣ ኤችዲኤፍ5 እና ኤምፒአይ፣ ሦስቱም በአንድ ኮምፓይለር መገንባት አለባቸው፣ ካልሆነ ሊንክ ሲያደርግ ረጅም የኤረር ዝርዝር ይተፋል። የመሬት አቀማመጥ ዳታው (ተራራ፣ የመሬት አጠቃቀም፣ አፈር) ሲፈታ ወደ 29 ጊጋ ነው፣ በሌሊት ፓኬጅ ነው ያወረድኩት። ለአየሩ መነሻ ኢራ5ን (ያለፈውን አየር ጠባይ ከልኬት መልሶ ያሰላ የአውሮፓ ዳታ) ወሰድኩ፣ ነጻ ነው፣ በየሰዓቱ አለ፣ ግሪዱ (በሂሳብ ነጥቦቹ መካከል ያለው ርቀት) 0.25 ዲግሪ።

ሳጥኖቹ (ሞዴሉ የሚያሰላባቸው የካርታ ክፍሎች)፦ የውጪው ግሪዱ 9 ኪሎሜትር፣ ከሱዳን እስከ የመን፣ ከቀይ ባህር እስከ ሰሜን ኬንያ። የውስጡ 3 ኪሎሜትር ደጋው ላይ። 3 ኪሎሜትር ያልኩት በምክንያት ነው። 9 ላይ ነጎድጓዳማ ደመናን ሞዴሉ ራሱ ስለማያየው ኩሙለስ ስኪም የሚባል ግምታዊ ሂሳብ ይጨመርለታል፣ እኔ የምጠቀምበት ስኪም ደሞ ስለ ብናኝ የሚያውቀው ነገር የለም። ማለት ብናኙን መቶ እጥፍ ብታደርገው ከዛ ስኪም የሚወጣው ዝናብ በቀጥታ አይነካም። ስለዚ 3 ላይ ኩሙለሱን ዘጋሁት፣ ዝናቡ በሙሉ ከማይክሮፊዚክሱ (ጠብታና በረዶ እንዴት እንደሚፈጠሩና እንደሚያድጉ ከሚያሰላው ክፍል) ይምጣ። አውትፑት ላይም ሁለቱ ዝናቦች በተለያየ ስም ነው የሚቀመጡት፣ ደምሮ ብቻ የሚያይ ሰው የብናኙን ውጤት ራሱ ያቀጥነዋል።

ጥቅምት፣ ሦስተኛ ሳምንት፦ ሰሜንና የአባይ ሸለቆ

ሞዴሉን ራን ማድረግ (ማስኬድ) እንደጀመርኩ ክራሽ። ሎጉ (ሞዴሉ እየሄደ የሚጽፈው መዝገብ) ላይ ሲኤፍኤል የሚል መስመር እየደጋገመ ይመጣል፣ ነፋሱ በአንድ እርምጃ ከአንድ የግሪድ ክፍል በላይ እየዘለለ ነው ማለት ነው። ነጥቦቹን ካርታ ላይ ሳስቀምጣቸው ሁለት ቦታ ተሰበሰቡ፣ ሰሜን ተራሮች ገደሉ ጠርዝ ላይና የአባይ በረሃ ውስጥ። በ3 ኪሎሜትር ግሪድ እነዚህ ቦታዎች ከአንዱ ነጥብ ወደሚቀጥለው በጣም ይወርዳሉ።

የሞከርኩት በቅደም ተከተል፦ መጀመሪያ የጊዜ እርምጃውን አሳነስኩ። የተለመደው ለአንድ ኪሎሜትር ግሪድ 6 ሴኮንድ ነው፣ ለ9 ኪሎሜትሩ 54፣ ወደ 36 አወረድኩት፣ የውስጡ 12 ሆነ። ክራሹ ዘገየ እንጂ አልቀረም፣ የሚፈጀው ሰዓት ግን በግማሽ ጨመረ። ቀጥሎ የቁም ነፋሱን የሚገራውን ዳምፒንግ አበራሁ፣ ከዛ ኢፒኤስኤስኤም የሚባለውን (በቁም የሚሄደውን የድምፅ ሞገድ የሚገራ ቁጥር) ከ0.1 ወደ 0.5 ከፍ አደረኩ፣ ይሄኛው ነው የፈታው። ከዛ በኋላ እርምጃውን ወደ 45 መልሼ ሰዓት አተረፍኩ። ደጋ ላይ ዎርፍ የሚያስኬድ ሰው ከኢፒኤስኤስኤም ይጀምር።

ሌላው፣ የምጠቀምበት የቶምፕሰን ማይክሮፊዚክስ ስኪም ለመጀመሪያ ጊዜ ሲነሳ የበረዶና የዝናብ ግጭት ሰንጠረዦች ይሰራል፣ ለረጅም ሰዓት ስክሪኑ ላይ ምንም አይንቀሳቀስም። ተሰቅሏል ብላችሁ እንዳትዘጉት። ሰንጠረዡን ፋይል አድርጎ እንዲያስቀምጥ ኔምሊስት (የሞዴሉ የትእዛዝ ፋይል) ላይ ማዘዝ ይቻላል፣ ከዛ በኋላ ያንኑ ያነባል።

ሪስታርት ፋይል (ራኑን ከቆመበት የሚያስቀጥል) በየ6 ሰዓቱ የሞዴል ጊዜ እንዲጻፍ አድርጌያለሁ፣ መብራት ሲሄድ የሚጠፋው ሥራ ከዛ አይበልጥም። ዲስክ ይበላል፣ ግን ይብላ።

ኅዳር፣ መጀመሪያ፦ ቀላሉ ሙከራ

ወደ ሙሉ የብናኝ ስኪም ከመግባቴ በፊት በተራው ቶምፕሰን (በዎርፍ የማይክሮፊዚክስ ዝርዝር ቁጥር 8) ጀመርኩ። እሱ ላይ የደመና ጠብታ ቁጥር ኮዱ ውስጥ የተጻፈ አንድ ቋሚ ቁጥር ነው፣ በሴንቲሜትር ኪዩብ 100። ከጎኑ ያለው ማብራሪያ ለባህር 100፣ ለየብስ 300 አድርጉ ይላል። በጣም ብዙ ሰው ግን 100ውን ሳይነካ ነው የሚጠቀመው፣ ማለት የጎንደርን ደመና እንደ ውቅያኖስ ደመና እያሰላ ነው። ሞሪሰን የሚባለው ሌላው ስኪም ደሞ መነሻው 250 ነው። ሁለት ሰዎች "ዎርፍ እንዲህ አለ" ብለው ሲከራከሩ ግማሹ ልዩነት እዚህ ቁጥር ላይ ሊሆን ይችላል፣ ይሄ በጣም ያሳስበኛል።

ሞሪሰን ከደመና ጠብታ ወደ ዝናብ የሚቀይርበት ቀመር የኻይሩትዲኖቭና ኮጋን የ2000ው ነው (ከዚህ በታች የጥናትና የዳታ ዓመቶች ሁሉ በፈረንጅ ናቸው)፣ የጠብታው ቁጥር በኔጌቲቭ 1.79 ፓወር ይገባል። አስሉት፣ ቁጥሩ 10 እጥፍ ሲሆን የደመና ጠብታ ወደ ዝናብ የሚቀየርበት ፍጥነት ወደ 60 እጥፍ ይቀንሳል። ቶምፕሰን ሌላ ቀመር ነው የሚጠቀመው፣ የበሪና ራይንሃርት፣ አቅጣጫው ግን ያው ነው።

100፣ 300፣ 1000 አድርጌ ሦስት ጊዜ ኮምፓይል አድርጌ አስኬድኩ። የጠብታው መጠን እንደ ወረቀቱ ሂሳብ ቀነሰ። የዝናብ ካርታው ግን ለዓይን ሌላ ታሪክ ነበር፣ እዚህ ጨመረ እዚያ ቀነሰ፣ ቀይና ሰማያዊ ጎን ለጎን። ባህር ዳር ላይ በ1000ው ራን የአንድ ቀን ዝናብ በግልጽ ቀንሷል፣ ደብረ ታቦር ላይ ጨምሯል። ያንን ካርታ ለብቻው ቆርጬ ባሳየው በጣም አሳማኝ ነበር። ግን ይሄ አንድ ራን ነው፣ ስለሱ ወደታች እመለሳለሁ።

እዚህ ጋ አንድ የሚለይ ነገር ነበር። ጠብታው ትንሽና ብዙ ሲሆን ደመናው የበለጠ ነጭ ይሆናል፣ ፀሐይን ወደ ላይ ይመልሳል። ቱሚ በ1970ዎቹ ያስቀመጠው ነው፣ ውሃው ሳይቀየር ጠብታው 10 እጥፍ ሲሆን የደመናው ውፍረት ለብርሃን 2.15 እጥፍ ይሆናል። ስለዚ መሬቱ በረፋድ ያነሰ ይሞቃል፣ ከሰዓት በኋላ የሚነሳው ደመና ይደክማል። ዝናቡ የዘገየው ጠብታው ስላነሰ ነው ወይስ መሬቱ ስላልሞቀ? ይሄን ለመለየት ኔምሊስት ላይ ራዲዬሽኑ የማይክሮፊዚክሱን የጠብታ መጠን እንዳያይ የሚያደርግ ቁልፍ አለ፣ 1ን 0 ማድረግ ነው። ዘግቼ ደገምኩት። ደጋው ላይ የመዘግየቱ ከፊሉ ጠፋ። ማለት በኔ ራኖች ውስጥ ብናኝ ዝናብን የሚያዘገየው በሁለት በር ነው፣ አንዱ በጠብታ ግጭት፣ አንዱ በፀሐይ።

ኅዳር፣ አጋማሽ፦ ወደ ቁጥር 28

አሁን ብናኝ የሚያውቀው ቶምፕሰን፣ ቁጥር 28፣ ቶምፕሰንና አይድሃመር በ2014 ያወጡት። ሁለት አይነት ብናኝ ይይዛል። ውሃ ወዳድ የሚለው ሰልፌት፣ የባህር ጨውና ኦርጋኒክ ካርቦን ነው፣ የደመና ጠብታ የሚሰራው። በረዶ ወዳድ የሚለው አቧራ ነው፣ ከዜሮ በታች በቀዘቀዘ ደመና ውስጥ ውሃን ወደ በረዶ የሚቀይረው። ሁለቱም በነፋስ ይጓዛሉ፣ በዝናብ ይታጠባሉ። ጠብታ ስንት እንደሚሆን የሚወስነው በብናኙ ብዛት፣ በሙቀቱና አየሩ ወደ ላይ በሚወጣበት ፍጥነት የተዘጋጀ ሰንጠረዥ ነው። መነሻው ብናኝ ጎካርት ከሚባል ሞዴል የ2001–2007 ወርሃዊ አማካይ ነው።

ወርሃዊ አማካይ ማለት ልብ በሉ፣ የዛን ቀን ጭስ አይደለም። በክረምታችን ወቅት ከምድር ወገብ በታች፣ ደቡብ ኮንጎ፣ አንጎላ፣ ዛምቢያ የቃጠሎ ሰሞን ነው፣ ያ ጭስ አንድ ሳምንት ይበዛል አንድ ሳምንት ያንሳል፣ አማካዩ ግን ሁሌ አንድ ነው።

የብናኙ ፋይል በሜትግሪድ በኩል ነው የሚገባው፣ ከዛ ለሪል ሁለት መስመር መጨመር አለበት (ሁለቱም የሞዴሉን መነሻ የሚያዘጋጁ የዎርፍ ፕሮግራሞች ናቸው)፣ የከፍታ ደረጃው 30 መሆኑን ጭምር። ይሄ ከጎደለ ሞዴሉ አይቆምም፣ ችግሩ እሱ ነው፣ ዝም ብሎ ከመሬቱ ከፍታ ተነስቶ የራሱን ብናኝ ይፈጥራል። ያ ቀመር ከፍታ ሲጨምር ብናኙን በፍጥነት ስለሚቀንስ 2500 ሜትር ላይ ያለ ደጋ በጣም ንጹህ ሆኖ ይወጣል። አዲስ አበባ ንጹህ አየር! ሎጉ ላይ "መነሻ ብናኝ ያለ አይመስልም" የሚል አንድ መስመር ብቻ ነው የሚያሳውቀው። ከእያንዳንዱ ራን በፊት ያንን መስመር የሚፈልግ ትንሽ ስክሪፕት ጽፌያለሁ፣ ካገኘው ሥራውን ያቆመዋል።

ኅዳር፣ መጨረሻ፦ ብናኙን መቀየር

ሦስት አይነት አየር አዘጋጀሁ፦ እንዳለ፣ አንድ አምስተኛ፣ አምስት እጥፍ። በፓይተን የመነሻ ፋይሉን ከፍቶ ማባዛት ቀላል ነው፣ ግን ያ ብቻውን አይበቃም። የድንበር ፋይሉም መባዛት አለበት፣ በአራቱም ጎን፣ የለውጥ ፍጥነቱን የያዙት ተለዋዋጮች ጭምር። እነሱ ካልተነኩ ነፋሱ ከውጪ የተለመደውን አየር እያስገባ ሳጥኑን ያጥበዋል፣ በሁለተኛው ቀን "ቆሻሻ" ያልከው አየር ግማሹ ሄዷል። ይሄን ለማረጋገጥ የብናኙን አማካይ በየሰዓቱ ፕሎት አደረኩት፣ ድንበሩ የተነካበት መስመር ከፍ እንዳለ ይቆያል፣ ያልተነካው ቁልቁል ይወርዳል።

ከመሬት የሚወጣውን ብናኝ ሞዴሉ መጀመሪያ ላይ ከታችኛው ደረጃ መጠን ስለሚያወጣው እሱ አብሮ ይባዛል። አቧራ ግን በዚህ ስኪም መነሻ አቀማመጥ ከመሬት አይነሳም፣ በድንበርና በመነሻው የገባው ብቻ ነው ያለው። ለደናክልና ለሱዳን በረሃ ቅርብ ለሆነ አገር ይሄ ትልቅ ክፍተት ነው።

ከሰዓት በኋላ ከባድ ዝናብ ከጣለ በኋላ ብናኙ ካርታው ላይ በዝናቡ መንገድ ልክ ሲታጠብ ይታያል፣ በማግስቱ ጠዋት ድረስ ቀጭን ንጹህ መስመር ሆኖ ይቆያል። በጣም ቆንጆ ነው። እንዲህ ሲሆን ጥያቄው ሁለት አቅጣጫ እንዳለው ይገባሃል፣ ብናኙ ዝናቡን ይነካል፣ ዝናቡ ደሞ ብናኙን።

ታኅሣሥ፣ መጀመሪያ፦ ሞዴሉ ከራሱ ጋር ስንት ይለያል?

ለኔ ከሁሉ የበለጠ ዋጋ ያለው ክፍል ይሄ ነው።

ምንም ብናኝ ሳልቀይር የመነሻውን ሙቀት ብቻ በዘፈቀደ ከ0.1 ዲግሪ ባልበለጠ ነካ ነካ አድርጌ ደጋገምኩት። ማንም ቴርሞሜትር የማይለየው ለውጥ ነው። በመጀመሪያው ቀን ሁሉም ተመሳሳይ ነበሩ፣ በሁለተኛው ከሰዓት በኋላ አንዱ ባህር ዳር ላይ አወረደው፣ አንዱ ጣናን ተሻግሮ ጎርጎራ አካባቢ፣ አንዱ ምንም። ልዩነት ካርታቸውን ስሰራው ከኅዳሩ የ100 እና የ1000 ካርታ ጋር ብታስቀምጠው የቱ የብናኝ የቱ የዘፈቀደ እንደሆነ መለየት አይቻልም። ቀዩም ሰማያዊውም ያው ነው።

ስለዚ ያ አሳማኝ የባህር ዳር ካርታ ስለ ብናኝ ምንም አይናገርም። አንድ ንጹህ ራንና አንድ ቆሻሻ ራን አስቀምጦ ብናኝ ዝናብ ቀነሰ ወይም ጨመረ የሚል ሰው የነጎድጓድን ድንገተኛነት ነው እያሳየ ያለው። ሰማይ ላይም እንደዛው ነው፣ ረጭተን ዘነበ ማለት ማስረጃ አይሆንም፣ ብዙ ቀን በዕጣ ረጭቶና ሳይረጩ ትቶ ማወዳደር ያስፈልጋል።

ከዚህ በኋላ እያንዳንዱን የአየር አይነት በኢንሴምብል (ያንኑ ራን እንዲህ ነካ ነካ እያደረጉ ብዙ ጊዜ መድገም፣ እያንዳንዱ ድጋሚ አባል ይባላል) ብቻ ነው የማስኬደው፣ የዘፈቀደው ነካ ነካ ለሦስቱም አንድ አይነት ሆኖ። ወጪው እዚህ ጋ ነው የፈነዳው። የኔ ማሽን ብቻውን ሊጨርሰው ስለማይችል ከፊሉን ክላውድ (በኢንተርኔት የሚከራይ ኮምፒውተር) ላይ ኪራይ ወሰድኩ፣ በማንኛውም ሰዓት ሊነጠቅ የሚችለውን ርካሹን አይነት፣ ሪስታርት ፋይሉ እዚህም ጠቀመ። ክፍያው በዶላር ካርድ ነው፣ እህቴ ቨርጂኒያ ስላለች እሷ ናት የከፈለችልኝ፣ በብር ሳሰላው ግን ዳታውን ወደዚህ ማውረዱ ከኪራዩ አልተናነሰም። አሁን ትንተናውን እዛው ክላውዱ ላይ ሰርቼ ትናንሽ ፋይሎችን ብቻ ነው የማወርደው።

ታኅሣሥ፣ አጋማሽ፦ መጠን ሳይሆን ሰዓት

ሰፈራችን በፊት የሚቲዎሮሎጂ ታዛቢ የነበሩ፣ አሁን ጡረታ የወጡ ጋሼ አሉ። ላፕቶፑን ይዤ ሄጄ ካርታዎቹን አሳየኋቸው። ትንሽ አዩና "አንተ ልጅ፣ ስንት ሚሊ ዘነበ ብቻ አትበለኝ፣ ስንት ሰዓት ላይ ጀመረ፣ በረዶ ነበረው ወይ፣ እሱን በለኝ" አሉኝ። "እሺ ጋሼ፣ ግን አውትፑቱ በየሰዓቱ ነው" ስላቸው "እና ነጎድጓድ ሰዓት ይጠብቃል እንዴ?" አሉ።

ልክ ናቸው። ዝናቡን ብቻ ለብቻው በየ10 ደቂቃው የሚጽፍ ሁለተኛ አውትፑት አዘጋጀሁ፣ ሌላውን ሁሉ በየሰዓቱ ተውኩት፣ ዲስኩ ብዙም አልተጎዳም። (ሞዴሉ በዓለም አቀፉ ሰዓት ነው የሚጽፈው፣ ወደኛ አቆጣጠር ሲመጣ 3 መቀነስ ነው፣ 11 ካለ ከቀኑ 8 ሰዓት።)

አሁን ነው ነገሩ መልክ የያዘው። የሳጥኑ ጠቅላላ ዝናብ በንጹሁና በቆሻሻው አየር መካከል ያለው ልዩነት ኢንሴምብሉ ራሱ ከሚበተነው አይበልጥም። ይሄ አያስገርምም፣ ቀን ላይ የሚወርደው ጠቅላላ ውሃ በዋናነት የሚወሰነው ነፋስ ወደ ደጋው በሚያመጣው እርጥበት ነው፣ ብናኝ እርጥበት አይጨምርም። ሰዓቱ ግን ይለያል። በቆሻሻው አየር ሁሉም አባሎች ላይ የመጀመሪያው ዝናብ ይዘገያል፣ በአንድ ሰዓት ውስጥ ያለ መዘግየት ነው፣ ግን አቅጣጫው በሁሉም አንድ ነው። ከዛ ሲጀምር በአጭር ጊዜ ውስጥ ብዙ ያወርዳል። ካፊያው ይቀንሳል፣ ዶፉ ይበዛል። ለጎርፍና ለአፈር መታጠብ ይሄ ከጠቅላላ ድምሩ በላይ ነው የሚያስፈልገው።

የጠብታ ብዛትና መጠን ደሞ በሁሉም አባሎች ያለምንም መደራረብ ይለያያል። ማለት ከብናኙ ቅርብ ያለው ውጤት ግልጽ ነው፣ ወደ መሬት ዝናብ በተጠጋህ ቁጥር እየደበዘዘ ይሄዳል።

ታኅሣሥ፣ መጨረሻ፦ ጋምቤላ

የጋሼ የበረዶ ጥያቄ ስላልለቀቀኝ ሁለተኛ 3 ኪሎሜትር ሳጥን ባሮ ላይ ጨመርኩ። ምክንያቱ ከፍታ ነው። በክረምት የዜሮ ዲግሪው ደረጃ ከባህር ወለል ወደ 5 ኪሎሜትር አካባቢ ነው። አዲስ አበባ ራሷ 2300 ሜትር በላይ ናት፣ የደመናው ሆድ 3 ኪሎሜትር አካባቢ ከሆነ ጠብታዎች በፈሳሽነት የሚጋጩበት ውፍረት ወደ 2 ኪሎሜትር ብቻ ነው። ጋምቤላ 500 ሜትር ገደማ ላይ ስላለች የዛን እጥፍ የሚጠጋ አላት።

ስለዚ ደጋው ላይ ብናኝ ዝናቡን ትንሽ ካዘገየው ውሃው ሳይወርድ ወደ ቅዝቃዜው ክፍል ይገባል፣ እዛ የግራውፐል (የለስላሳ በረዶ እንክብል) ምግብ ይሆናል። በኔ ራኖች በቆሻሻው አየር ደጋው ላይ የግራውፐል መጠን ጨምሯል፣ ጋምቤላ ሳጥን ላይ ግን ልዩነቱ ከመበተኑ ብዙም አልወጣም፣ እዛ ጠብታው ዘግይቶም ቢሆን በፈሳሽነቱ ማደጊያ ቦታ አለው። አንድ ሳምንት ብቻ ስለሆነ ደጋ ሁሉ እንዲህ ነው አልልም፣ ግን ለኛ አገር ብናኝና ዝናብን በአንድ ቁጥር መናገር እንደማይቻል አሳይቶኛል። ባህር ጠርዝ ላይ የተሰራን ውጤት አምጥቶ ጎጃም ላይ መጫን አይቻልም።

ጥር፣ መጀመሪያ፦ ጣሪያ ላይ ያለው ሴንሰር

ብናኙን ከራሴ ሰፈር ልለካ ብዬ ርካሹን የሌዘር ሴንሰር (ፕላንታወር) ኢኤስፒ32 ከምትባል ትንሽ የኮምፒውተር ቺፕ ጋር አገናኝቼ ጣሪያ ላይ ሰቀልኩት። ጠዋት 12 ሰዓት ገደማ፣ ሰው እሳት ሲያያይዝና ታክሲው ሲነሳ፣ ቁጥሩ ይወጣል፣ ረፋድ ላይ ይወርዳል። ለጤና ጥሩ መረጃ ነው። ለሞዴሉ ግን አይሆንም። ሌዘሩ የሚያየው ከ0.3 ማይክሮን በላይ ያለውን ነው፣ የደመና ጠብታ የሚሰራው ብናኝ በብዛት ከ0.1 ማይክሮን በታች ነው፣ ቁጥር 28 የሚወስደው አማካይ ሬዲየስ 0.04 ነው። ከዛ ደሞ እርጥበት ከ80 ፐርሰንት ሲያልፍ ብናኙ ውሃ ጠጥቶ ስለሚያብጥ ሴንሰሩ ከልክ በላይ ያነባል። ሌሊትና ጎህ ላይ ያለውን ንባብ ጣልኩት። ሴንሰሩ ከማይክሮግራም አጠገብ የሚጽፈው የብናኝ ቆጠራ ለዚህ ሥራ አይታመንም።

ስለዚ ለቀን በቀን ብናኝ የአውሮፓውን ካምስ ሪአናሊሲስ (ያለፈውን የአየር ብናኝ ከልኬት መልሶ ያሰላ ዳታ) ለመጠቀም ወሰንኩ፣ ከ2003 ጀምሮ አለ፣ ግሪዱ 80 ኪሎሜትር ገደማ ቢሆንም ቢያንስ የዛን ሳምንት ጭስ ያውቃል። ችግሩ ክብደት ነው የሚሰጠው፣ ዎርፍ ቁጥር ነው የሚፈልገው። ለያንዳንዱ አይነት የመጠን ስርጭት ይዞ ማካፈል ነው፣ የሬዲየስ ግምት በእጥፍ ቢሳሳት ቁጥሩ በ8 እጥፍ ይሳሳታል፣ በኪዩብ ስለሚሄድ። ስለዚ ሁለት ግምት ይዤ፣ የላይኛውንና የታችኛውን፣ ሁለቱንም አስኬዳለሁ።

ጥር፣ ሦስተኛ ሳምንት

ከሳተላይት ጋር ማወዳደር ጀመርኩ። አይመርግና ቺርፕስ የሚባሉ ሁለት የሳተላይት ዝናብ ዳታዎች ናቸው። አይመርግ በየግማሽ ሰዓቱ ስለሆነ ለሰዓቱ ጥያቄ እሱ ይሻላል፣ ቺርፕስ ከመሬት ጣቢያ ጋር ስለሚቀላቀል ለድምሩ እሱ። ደጋው ላይ ሁለቱ እርስ በርሳቸው አይስማሙም፣ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ከንጹህና ከቆሻሻ አየር ልዩነት ይበልጣል። ማለት በዚህ ዳታ "አምስት እጥፉ ነው ትክክል" ወይም "አንድ አምስተኛው ነው" ብሎ መፍረድ አይቻልም። የዝናብ መጀመሪያ ሰዓት ላይ ግን ከሦስቱ እንዳለ የተተወው አየር ለአይመርግ ይቀርባል፣ ንጹሁ በጣም ይቸኩላል። ተራው ቶምፕሰን በ100 ጠብታም እንደዛው ይቸኩል ነበር። የክረምት ራን የምታደርጉ ሰዎች ቢያንስ ያቺን 100 ወደ 300 ቀይሯትና ሞክሩ፣ አንድ መስመር ነው፣ ምንም አያስወጣም።

አሁን እየሄደ ያለው የአቧራው ሙከራ ነው፣ በረዶ ወዳዱን ብቻ 10 እጥፍ፣ ውሃ ወዳዱ ሳይነካ፣ ድንበሩም ተባዝቶ። የመጀመሪያዎቹ አባሎች አልቀዋል፣ የላይኛው ደመና ላይ በረዶው ከበፊቱ ዝቅ ባለ ከፍታ ላይ መጀመሩ ይታያል፣ ዝናቡ ላይ ገና የሚባል ነገር የለም። ቀጥሎ ካምስ። ዲስኩ ላይ የቀረው ቦታ ለአቧራው ይበቃል፣ ለካምሱ የኅዳሮቹን ነጠላ ራኖች አጠፋለሁ።